ምን እያየ ነው?

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዴኒዝ ስታመርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ስትወርድ፣ እናቷን ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ አገኘቻት። ዶሪን የሌሊት ልብሷን እንደለበሰች፣ ሁለት ስፒል በከንፈሯ ነክሳ፣ ከጋዝ ማሞቂያው በላይ ከተለጠፈው ትልቅ ፖስተር ጎን አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ ለመስቀል ትታገላለች። ፖስተሩን የሙዚቃ ሸክላ የሚያሳትመው ኩባንያ ከለንደን በፖስታ የላከው ሰኞ ዕለት ነው። ሦስት ወጣት ወንዶች አሉበት። መሀል ያለው የዴኒዝ ታናሽ ወንድም ኔቪል ነው፤ ጸጉሩ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ፣ ከንፈሩን ቀለም ተቀብቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ መለስ አድርጎ ከወረቀቱ ውጭ ያለ አንድ ነገር ይመለከታል። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል «ምን እያየ ነው?» ይላል። የባንዱ ስም፣ «የብርጭቆ ወደብ»፣ ጥግ ላይ በደቃቁ ተጽፏል። የባንዱ አባላት አራት ናቸው፤ አራተኛዋ ደረጃው ሥር ጫማዋን ይዛ ቆማለች።

«ምን እያደረግሽ ነው እማ?»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ተኝቷል» አለች ዶሪን ስፒሎቹን ከአፏ ሳታወጣ። «ቦታ ጠቧቸው ነው የተዉሽ። እኔ ጋ ደግሞ ቦታ ሞልቷል።»

ፎቶግራፏ ከአራት ዓመት በፊት ዊዘርንሲ ባሕር ዳር የተነሳችው ናት። ዴኒዝ ወፍራም ሹራብ ለብሳ፣ ነፋሱ ጸጉሯን አፏ ውስጥ ከቶት፣ የሚቀልጥ አይስክሬም ይዛ ትስቃለች። እናቷ ኔቪል ወደሚያይበት የፖስተሩ ጠርዝ አስጠግታ ስለሰካቻት ያን ሁሉ ቀለም ተቀብቶ አይስክሬሙን የሚመኝ ይመስል ነበር። ዴኒዝ ሳቋ መጣ። ግን ቦታ አልጠበባቸውም። ያ ፎቶ ሲነሳ እሷ ከኔቪል በስተግራ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ኪቦርዷ ኋላ ቆማ ነበር። የኩባንያው ሰዎች በኋላ ቆርጠው ያወጧት እሷን ነው። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኗ ደግሞ በመልኳ የተጻፈ ነው ብለው ይሆናል፤ ማንም አፍ አውጥቶ አልነገራትም።

ዶሪን ከወንበሩ ወርዳ ወጥ ቤት ገባችና ሻይ ቀዳችላት፤ ፊቷን ሳታዞርም የቀረውን ተናገረች። «ኔቪል ማታ ደውሎ ነበር። ተኝተሽ ነበር። እንዳትለፋ በያት አለኝ። ዛሬ ማታ ቴሌቪዥን ላይ የሚዘፈነው በቴፕ ነው አሉ፣ አፍ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። በኪቦርዱ በኩል የምትቆም ልጅ አግኝተዋል። ሞዴል ናት።»

«ሞዴል።»

«ጥርሷ ጥሩ ነው አለ። ለምን ስለ ጥርሷ እንደነገረኝ እንጃለት።»

ዴኒዝ ቁጭ ብላ ጫማዋን አደረገች። ዶሪን ዳቦ ከፍላ ቅቤ ቀባች፣ ከትናንት የተረፈ የዓሣ ጥብስ መሀሉ አስገብታ በወረቀት ጠቀለለች። ልጇ እንደማትቀር ገብቷታል፤ ግን ሂጂ ብትል ወንድ ልጇን ልታስከፋ፣ ቅሪ ብትል ሴት ልጇን ልታስከፋ ሆነባትና ዳቦውን ደጋግማ ጠቀለለችው። በመጨረሻ «ሄደሽ ምን ልትያቸው ነው?» አለች።

«ምንም አልልም። ልቆም ነው የምሄደው።»

ደርሶ መልስ ለንደን አሥራ ስምንት ፓውንድ ነው፤ ዓሣ ስታሽግ ከምታገኘው የሳምንት ደመወዝ ሩብ። በዚያ ላይ የዛሬው ቀን ይቆረጥባታል። ዴኒዝ ይህን ሁሉ ሳታስብ ቀርታ አይደለም፤ ሰኞ ፖስተሩን ስታይ አስባ ጨርሳው ነበር። በከተማቸው በሀል እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ በእግሯ ስትሄድ ወንድሟ አሥራ አንድ ቦታ ላይ ተለጥፎ አገኘችው፤ አውቶቡሱ ጎን ላይ፣ የተዘጋው ሲኒማ ቤት ግንብ ላይ፣ ከዓሣ ጨረታው አዳራሽ በር ላይ ሁሉ። ኩባንያው አርባ ሺህ ፖስተር አሳትሞ ከወር በፊት ለንደን ላይ መለጠፍ ጀምሯል፤ ሀል የደረሰው በዚህ ሳምንት ነው። ብራይተን ባሕር ዳር ላይ «ምን እያየ ነው?» የሚል ጨርቅ የሚጎትት አውሮፕላን አብርሯል። ከእያንዳንዱ ሸክላ ጋር አንዲት ክብ መስታወት በነጻ ትሰጣለች፤ መስታወቷ ምን እንደምታደርግ እስካሁን የገለጸ ሰው የለም። ጋዜጦቹ «አዲሱ ሞገድ» ብለው ጽፈዋል፤ ጥያቄውንም ተቀብለው አንባቢ አወዳድረዋል። አንዱ ጨረቃን ነው ያለው፣ ሌላው ሞትን፣ ከሊድስ የጻፈች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ እኔን ነው ብላለች። ባንዱ ከዚያ በፊት ስሙ በሰፈራቸው የዓሣ ወደብ መንገድ «ዌስት ዶክ» ነበር። ኩባንያው ስሙ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብሎ ቀየረው፤ ኔቪልንም «ኖቫ» አለው። ዶሪን ስልክ ስታነሳ «ኖቫ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ማለት ከጀመረች ወር ሆኗታል።

ባቡሩ ዶንካስተር ላይ ሲቆም ሁለት የትምህርት ቤት ልጆች ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። አንደኛዋ ደረቷ ላይ የኔቪልን ዓይን ብቻ የሚያሳይ ክብ ዓርማ ለጥፋለች። ዴኒዝ ያንን ዓይን ለረጅም ሰዓት ተመለከተችው። መልሱን በዚህ አገር ውስጥ ከእሷና ከኔቪል በቀር የሚያውቅ የለም። ኔቪል ድምፁ ያማረ፣ መቁጠር ግን የማይችል ልጅ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ የሠራተኞች ክበብ ውስጥ ሲዘፍን እሷ ኦርጋን ትጫወትለት ነበር፤ ሙዚቃው ብቻውን ሄዶ ሄዶ ዘፋኙ ተመልሶ የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ ይጠፋበታል፤ ወይ ይቀድማል ወይ ይዘገያል። ስለዚህ ወደ ግራ ዞሮ ያያታል፤ እሷ ቅንድቧን ከፍ፣ አገጯን ዝቅ ታደርጋለች፤ ያኔ ይገባል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የዘፈነው። ፎቶ አንሺው ሲጫወቱ ነው ያነሳቸው፤ ኔቪልም በዚያች ቅጽበት የሚያየው የእህቱን አገጭ ነበር። ሰው እንዴት ሌላውን ሰው ቆርጦ ጥሎ የዓይኑን አቅጣጫ ብቻ ይሸጣል? ዴኒዝ ንዴቷን ከዳቦው ጋር አኘከችው፤ ልጆቹ የዓሣው ሽታ ስላልተስማማቸው ቦታ ቀየሩ።

ለንደን አራት ሰዓት ላይ ደረሰች፤ ስቱዲዮው በር ላይ ደግሞ ዘበኛው ዝርዝሩ ላይ ስሟን አጣው። እንደሚያጣው ታውቅ ስለነበር ቦርሳዋን ከፍታ ከአሥራ ስድስት ዓመቷ ጀምሮ ሳታቋርጥ የከፈለችበትን የሙዚቀኞች ማኅበር ደብተር አወጣች። ዘበኛው ደብተሩን ሲያገላብጥ ከኋላዋ አንድ ሸምገል ያለ ሰው፣ ቡናማ ኮት የለበሰ፣ በአንድ እጁ ፔርሙስ የያዘ፣ አንገቱን አስግጎ ማንበብ ጀመረ።

«ሀል ቅርንጫፍ» አለ ሰውየው። «እኔ ብሪድሊንግተን ስድስት በጋ ጥሩምባ ነፍቻለሁ። በዝናብ። ላምበርት እባላለሁ፤ ዛሬ ማኅበሩን ወክዬ ነው የመጣሁት። የብርጭቆው ባንድ ውስጥ አንቺ ምን ትጫወቻለሽ ልጄ?»

«ኪቦርድ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ግቢ እንጂ» አላት፤ ዘበኛውም ለሁለቱም በሩን ከፈተ።

ላምበርት የመጣው በአንድ ሕግ ምክንያት ነው። ቴሌቪዥን ላይ በቴፕ የሚቀርብ ባንድ በዚያው ቀን፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ በማኅበሩ ሰው ፊት ዘፈኑን እንደገና ተጫውቶ መቅዳት አለበት። ቅጹ ላይ የሚጻፈው የተጫወተው ሰው ስም ነው፤ ማታ ካሜራ ፊት የሚቆመውም ስሙ የተጻፈው ነው። ይህ ሕግ እንዴት እንደሚታለፍም ሙያው ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ባንዱ ለይምሰል ጥቂት ይንጫጫል፣ የማኅበሩ ሰው ጥሩ ምሳ ይጋበዛል፣ ወይን ጠጥቶ ሲመለስ በወራት የተሠራው ዋናው ቴፕ መሣሪያው ላይ ተጠምዶ ይጠብቀዋል፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርማል።

ውስጥ ሲገቡ ጁልያን መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ጁልያን የኩባንያው የማስታወቂያ ኃላፊ ነው፤ አውሮፕላኑም መስታወቷም የእሱ ሐሳብ ናቸው። ዴኒዝን ከላምበርት ጋር ሲያይ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ጊታር የሚመታው ክላይቭ ገመዱን ማስተካከል ጀመረ፤ ከበሮ መቺው ባሪ ጣሪያውን አየ። ከኪቦርዱ ኋላ ሳስኪያ የምትባል ረጅም ልጅ ቆማለች፤ ጥርሷ በእርግጥም ጥሩ ነው። ኔቪል ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ማይክሮፎኑ አጠገብ ነበር። እህቱን አያት፤ አንገቱን ደፋ።

ጁልያን ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። «የኔ ቆንጆ፣ ሙዚቃሽን የነካው የለም። ሸክላው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ይሄ መልክ ብቻ ነው። ቴፑ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ስድስት ሰዓት ላይ ሽማግሌውን ጣሊያኖቹ ምግብ ቤት እወስደዋለሁ፣ አለቀ። ነገር ከቆሰቆስሽ ግን ወንድምሽ ነው የሚጎዳው። ገባሽ?»

ገብቷታል። ላምበርት ጆሮ ሁለት ቃል ጣል ብታደርግ የዛሬው ፕሮግራም ይሰረዛል፤ ፕሮግራሙ ከተሰረዘ ሸክላው ይሞታል፤ ሸክላው ከሞተ ኔቪል በሳምንቱ ሀል ተመልሶ ዓሣ ሳጥን ይሸከማል። ልትበቀል ከፈለገች መንገዱ ይኸው ነው። እሷ ግን በቀል ፈልጋ አሥራ ስምንት ፓውንድ አልከፈለችም፤ የፈለገችው የራሷን ቦታ ነው። «ነገር አልቆሰቁስም» አለችው። «እዚህ እቀመጣለሁ።» ግድግዳው ጥግ ካለች ወንበር ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ጁልያን ሌላም ብዙ አላት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለችው።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጀመሩ። ጁልያን ሳስኪያ ጣቷን ብታነቃንቅ ይበቃል ብሎ ነበር። ላምበርት ግን ወንበሩን ወደ መሣሪያዎቹ ጎተተና መነጽሩን አደረገ። ክላይቭና ባሪ መታ መታ አደረጉ፣ ኔቪል የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ፣ አዝማቹ አለፈ፣ ሙዚቃው ብቻውን የሚሄድበት ቦታ ደረሰ። ኔቪል ወደ ግራ ዞረ። ሳስኪያ ፈገግ አለችለት። ቀድሞ ገባ። እንደገና ጀመሩ፤ ዞረ፤ ፈገግ አለችለት፤ ዘግይቶ ገባ። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ልጅቷም ጥፋቱ የእሷ መስሏት ፈገግታዋን ትጨምር ነበር፤ ማንም ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገራትም፤ ሊነግራትም የሚችለው ጥግ የተቀመጠችው ብቻ ናት። ዴኒዝ ወንድሟ እንዲህ ሰው ፊት ሲዋረድ ስታይ፣ ቅንድቧ በራሱ ሊነሳ ሲል ጥርሷን ነክሳ ወለሉን አየች። አንዴ ከዚያ ወንበር ላይ ሆና ከነቀነቀችለት ዕድሜ ልኳን ከዚያ ወንበር እንደማትነሳ ታውቃለች።

«የኪቦርዱን ለብቻው ልስማው እስቲ» አለ ላምበርት በትሕትና።

ጁልያን ፈጥኖ መሀል ገባ። «ልጆቹ ደክሟቸዋል። ሰዓቱም ሄዷል፤ እዚሁ ማዶ ጥሩ የጣሊያን ቤት አለ፣ ጥጃ ሥጋ…»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጨጓራ አለብኝ» አለ ላምበርት። ከኮቱ ኪስ በሰም ወረቀት የተጠቀለለ የእንቁላል ዳቦ አወጣ፤ ከፔርሙሱ ሻይ ቀዳ፤ ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም። «ባለቤቴ ናት የምታዘጋጅልኝ። ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ ጊዜ አለን፤ ቀጥሉ።»

ጁልያን ዳቦውን በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ነገር አፍጥጦ አየው። ስንት የማኅበር ሰው ምሳ ጋብዟል፤ ከቤቱ ቋጥሮ የመጣ አጋጥሞት አያውቅም። የቀረው ጊዜ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ወደ ዴኒዝ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሺ፣ ግቢ። ለቴፑ ብቻ» አላት።

«ለቴፑም ለማታውም።»

«አርባ ሺህ ፖስተር ላይ የለሽም እኮ! ሰዉ ማናት ይላል።»

«ይበል። ይጠይቅ። ጥያቄ ትወዱ የለ?»

ጁልያን ወደ ኔቪል ዞረ። «ኖቫ፣ እህትህን አንድ ነገር በላት።» ክላይቭና ባሪም ቀና አሉ። ዴኒዝ ወንድሟን ጠበቀች፤ ከሰኞ ጀምሮ የጠበቀችው ይህችን ደቂቃ ነው። ኔቪል ማይክሮፎኑን ቆሞ ሲያሻሸው ቆየና፣ ፊቱ ቀልቶ፣ በሰፈራቸው አነጋገር «ዴኒዝ፣ መግቢያው ጠፋኝ» አለ። ይቅርታ አልነበረም። ግን ውሸት አልነበረበትም፤ ለዛሬ ይበቃታል። ተነስታ ኮቷን ወንበሩ ላይ ሰቀለች። ሳስኪያ ቦታውን ስትለቅላት «እፎይ» አለች፤ «እጄን የት እንደማደርገው ጨንቆኝ ነበር።»

በሁለተኛው ሙከራ ተቀዳ። ላምበርት ዳቦውን ጨርሶ ፍርፋሪውን ከቅጹ ላይ አራገፈና አራት ስም ጻፈ። የዴኒዝን ከደብተሯ እያየ በጥንቃቄ ገለበጠው። «ማታ የሚቆሙት እነዚህ ናቸው» አለ ለጁልያን፤ «ሌላ ሰው ካየሁ እደውላለሁ።»

ጁልያን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። አመሻሽ ላይ ቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ዴኒዝን ጥቁር አለበሷት፤ መድረኩ ግራ ጫፍ ላይ፣ ጭስ የሚያወጣው መሣሪያ አጠገብ አቆሟት። ኪቦርዱ ሶኬት ላይ አልተሰካም፤ ገመዱ መሬት ላይ ተንጋሏል። ጁልያን ሊያልፍ ሲል ጠጋ ብሎ «ካሜራዎቹ ወደዚህ እንዳይመጡ አስነግሬያለሁ፤ እንዳይከፋሽ» አላት። ከፋት እንጂ። ፊቷ ተለዋወጠ። ግን እግሯን አራርቃ ቆመች። ባያዩኝም ቆሜያለሁ አለች በልቧ፤ እናቴ የት እንዳለሁ ታውቃለች።

አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራቱ ቦግ አለ፤ ቴፑ ተለቀቀ። መድረኩ ሥር ያሉት ልጆች በታዘዙት መሠረት ጮኹ። ኔቪል አፉን እያነቃነቀ የተማረውን ሁሉ አደረገ፤ እጁን ዘረጋ፣ ጸጉሩን ጣለ። አዝማቹ አለፈ። ሙዚቃው ብቻውን መሄድ ጀመረ። አሁን ማንንም መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ድምፁ ቴፑ ውስጥ ነው፣ ቢሳሳትም ቴፑ አይሳሳትም። ቢሆንም አንገቱ ዞረ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖ እንደሚዞረው ወደ ግራ ዞሮ አያት። ከፊት ያለውን ካሜራ የያዘው ሰው ሽበታም ነው፤ ዘፋኝ ሲዞር የሚዞርበትን ተከትሎ ማሳየት ሥራው አድርጎ ኖሯል። በጆሮ ማዳመጫው ምን እንደተባለ እንጃ፣ እጁ ግን የለመደውን ሠራ፤ ካሜራውን ዘፋኙ ወዳየበት አዞረው። ላዩ ላይ ያለችው፣ ሥዕሉ እየተሰራጨ መሆኑን የምታሳየው ቀይ መብራት ዴኒዝ ፊት ለፊት በራች። ዴኒዝ አልሳቀችም፤ ጸጉሯንም አልነካችም። ቅንድቧን ከፍ፣ አገጯን ዝቅ አደረገች። ኔቪል ገባ።

ኮሪደሩ ላይ ጁልያን እየሮጠ ደረሰባት። ይጮህብኛል ብላ ስትጠብቅ እጇን ጨብጦ ይወዘውዛት ጀመር። «ስልኩ ሁሉ ተጨናንቋል! መልሱን አገኙት እኮ! ይሄን ከመጀመሪያው አስበንበት ያደረግነው ነው የምንለው፣ እሺ? ነገ አዲስ ፖስተር ይታዘዛል።»

«እንዳሻህ በል» አለችው። «ስሜን ብቻ አስተካክለህ ጻፈው፤ ሲቀየር አልወድም።»

ከግድግዳው የሳንቲም ስልክ ሄዳ ያላትን ሦስት ባለ አሥር ፔኒ ከተተችና ቤት ደወለች። ዶሪን ስልኩን ወዲያው አነሳችው። ዶሪን እንደ ልማዷ ከዳር ዳር ጀመረች፤ ዝናብ መጣሉን፣ የጎረቤቷ የወይዘሮ ፕላት ቴሌቪዥን ስለተበላሸ መላው ቤተሰብ እነሱ ሳሎን መግባቱን፣ ብስኩቱን ጨርሰው መሄዳቸውን ነገረቻት። «ያ ጥቁር ልብስ አላማረብሽም» አለች ቀጥላ። «ፕላት ምን አለች መሰለሽ፤ ‹ይሄን ሁሉ ወር ጨረቃ ነው ስንል እህቱን ኖሯል የሚያየው።›»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«እኔ ምን እላለሁ። ወንበሩ ላይ ወጥቼ ያቺን ያይስክሬም ፎቶሽን አወረድኳት። አሁን የት እንደቆምሽ ሰዉ ሁሉ ያውቀው የለም እንዴ።»

ዴኒዝ ልትመልስላት ስትል ስልኩ ሳንቲም ጨምሩ እያለ መጮህ ጀመረ። ቦርሳዋን በአንድ እጇ ስትበረብር ከትከሻዋ በላይ አንድ እጅ አልፎ አሥር ፔኒ ከተተ። ኔቪል ነበር፤ የፊቱን ቀለም ግማሹን ጠርጎ ግማሹን ትቶት። ስልኩን አየ፤ እህቱን አየ። የሚለው ነገር እንዳለው፣ ከየት እንደሚጀምረውም እንደጠፋው ያስታውቃል። ዴኒዝ ስልኩን አቀበለችው፤ ቅንድቧን ከፍ፣ አገጯን ዝቅ አደረገችለት።

«እማ» አለ ኔቪል። «እኔ ነኝ፣ ኔቪል። ያጠፋሁት አለ።»